ጠገራውን የሚያነብ ዓይን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከበጌምድር ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ይፋግ ነበረ። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው የርብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ የሚያልፈው ትንሽ ከተማ ነው፤ ብዙ መንገደኛ ስሙን ሳይጠይቅ ያልፈዋል። ያኔ ግን የደሪጣ ነጋዴዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉበት፣ ከፎገራ ሜዳ ከብት የሚነዳበት፣ ከዓባይ ማዶ የመጣ ሸቀጥ ወደ ጎንደር ከመውጣቱ በፊት እጅ የሚለውጥበት ቦታ ነበረ። ለጥቃቅኑ ግብይት አሞሌ ጨው ነበረ። ትልቁ ዋጋ ሲቆረጥ ግን ከቀበቶ የሚፈታው ጠገራ ብር ነው፤ ማርትሬዛም ይሉታል።

ጠገራ ዝም ብሎ አይቆጠርም፤ ይመረመራል። ተቀባዩ መጀመሪያ የሴትዮዋን ዘውድ ያያል፤ በዘውዷ ላይ የተደረደሩት ነጥቦች ጎልተው ይታያሉ ወይ? ቀጥሎ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል። ከዚያ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት ጥቃቅን የላቲን ፊደሎች በጣቱ ይዳብሳል። ምናልባት ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ነጥቡ የጠፋ፣ ፊደሉ የተፋቀ እንደሆነ ይመልሰዋል፤ ብሩ ንጹሕ ነው ብሎ መማል ለባለገንዘቡ አይጠቅመውም። አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች በዚህ ምርመራ ተማርረው ደጋግመው ጽፈዋል። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ ነጋዴው ያደርግ የነበረው ዛሬ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ወፍራም መጽሐፍ ገልጠው የሚያደርጉትን ነው። ልዩነቱ መጽሐፉ በዓይኑ ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው።

ምርመራው ምክንያት ነበረው። ጠገራው ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት። እሷ ካለፈች በኋላም ብሩ በዚያው መልክ፣ በዚያው ዓመት መመታቱን ቀጠለ፤ ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ፣ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ሁለቱ ፊደሎች በጉንዝበርግ ብር ማስመቻ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው፤ ሾብል እና ፋቢ። ይፋግ ላይ ስማቸውን የሰማ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ ፊደላቸው ከሌለ ግን ብሩ አያልፍም።

በ1858 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ እንግሊዛዊ መቶ አለቃ ወደዚህ አገር መጣ። ዊልያም ፍራንሲስ ፕሪዶ ይባላል፤ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ገደማ፣ በቦምቤይ ጦር ውስጥ የሚያገለግል። የመጣው ለጦርነት አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ስለነበር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል መልእክተኛ ላከ፤ ፕሪዶና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ የራሳም ተከታዮች ነበሩ። ከምጽዋ ተነሥተው በከሰላና በመተማ ዞረው ጥር ላይ ንጉሡን ዳሞት አገኟቸው። የካቲት ላይ እንግዶቹ ቆራጣ እንዲሰነብቱ ታዘዘ።

ቆራጣ ከወረታ ብዙም አይርቅም። ጉማራን ተሻግሮ፣ የፎገራ ሜዳ ሲያልቅ፣ ጣና ዳር ነው። የወለተ ጴጥሮስ ደብር ያለበት፣ በዚያን ጊዜ በነጋዴ የተሞላ ከተማ ነበረ። ፕሪዶ እዚያ ሳምንታት ተቀመጠ። ከመቅደላ የተፈቱት እስረኞችም መጋቢት ላይ እዚያው ደርሰው ተቀላቀሉ፤ ሁሉም አገራቸው ሊገቡ ነው ተባለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1858 ዓ.ም. ራሳም፣ ብላንክና ፕሪዶ ንጉሡን ሊሰናበቱ ዘጌ ሲደርሱ ታሰሩ። ሰኔ ላይ ሰፈሩን ወረርሽኝ ሲመታው ንጉሡ ጦራቸውንና እስረኞቹን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ፤ ከዚያ እንግሊዞቹ ወደ መቅደላ አምባ ተላኩ።

በመቅደላ የእስር ኑሮ ማለት የጠገራ ኑሮ ነበረ። ገንዘቡ ከምጽዋ የሚመጣው ሕይወታቸውን አሲዘው በሚመላለሱ መልእክተኞች ነው፤ ምግቡም፣ የጠባቂው ጉርሻም፣ የወሬው ዋጋም የሚከፈለው በዚያው ነው። ሁለት ዓመት የጠገራ ነጥብ ሲቆጠርበት የኖረ ሰው ሳንቲምን በትኩረት ማየት የሚለምድ ይመስለኛል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ፕሪዶ እንዲህ አላለም።

ሊያስፈታው የመጣው ጦርም ያለ ጠገራ መንቀሳቀስ አልቻለም። የእንግሊዙ ጄነራል ናፒየር ሠራዊት በየመንገዱ እህሉን፣ ሣሩን፣ የጭነት ከብቱን የገዛው በማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ለዘመቻው ከአራት ሚሊዮን በላይ ጠገራ ተሰባስቧል። ሌላ ብር፣ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ገበሬው አይቀበልምና የእንግሊዝ ግምጃ ቤት በየአገሩ ጠገራ ሲያስፈልግ ከረመ። የዓለም ትልቁ መንግሥት የኢትዮጵያን ባላገር የምርመራ ሕግ አክብሮ ገባ ማለት ነው።

ሚያዝያ 4 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከመቅደላ በታች አሮጌ በሚባለው ቦታ ውጊያ በተደረገ ማግስት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ናፒየር የላኳቸው መልእክተኞች ፕሪዶና ሚስዮናዊው ፍላድ ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ፕሪዶ ዘጌ ላይ የታሰረው በዚሁ ቀን ከሁለት ዓመት በፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ ፕሪዶ በኤደንና በዛንዚባር አገለገለ። የደቡብ ዓረቢያን ጥንታዊ ጽሑፍና ሳንቲም ማጥናት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1884 ደግሞ በለንደኑ የሳንቲም ጥናት መጽሔት፣ በኒውሚስማቲክ ክሮኒክል፣ የአክሱም ሥርወ መንግሥትን ሳንቲሞች የሚዘረዝር ጽሑፍ አወጣ። በዓመቱ ተጨማሪ ግኝቶችን የያዘ ሁለተኛ ጽሑፍ አስከተለ። ከእሱ በፊት የአክሱምን ሳንቲም ያዩና ያሳተሙ ነበሩ፤ በ1830ዎቹ ጎንደር ተቀምጦ መጽሐፍና ሳንቲም የሰበሰበው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል አንዱ ነው። ፕሪዶ ያደረገው የታወቁትን አሰባስቦ በነገሥታቱ መለየት ነው። የኢትዮጵያ ሳንቲም መዝገብ በእንግሊዝኛ የተጀመረው በቀድሞ እስረኛ እጅ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፓሪስ ላይ ጉስታቭ ሽሉምበርዤ የራሱን በፈረንሳይኛ አወጣ።

እነዚህ ቀጫጭን ጽሑፎች ያነሡት ጥያቄ ግን ከሳንቲም አልፎ ሄደ። በየገዳሙ ያሉት የነገሥታት ዝርዝሮች አንድ ነገር ይላሉ፤ ሳንቲሙ ሌላ። እንዱቢስ፣ አፊላስ፣ ኔዞል የሚባሉ ነገሥታት በዝርዝሮቹ ውስጥ የሉም፤ ስማቸውን የጠበቀልን አውራ ጣት የማታክል የወርቅ ወይም የመዳብ ክብ ናት። ንባቡም ቀላል አይደለም። በወርቁ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው በግሪክኛ ሲሆን፣ በግዕዝ የተጻፉት ቀደምት ሳንቲሞች ፊደላቸው ሁሉ ግዕዙ ነው፤ ካዕብ የለ፣ ራብዕ የለ። መ፣ ሐ፣ ደ፣ የ፣ ሰ ተብሎ የተጻፈ የንጉሥ ስም አለ፤ እንዴት ይጠራ እንደነበር እስካሁን ሊቃውንቱ በግምት ነው የሚሉት። የቆሎ ተማሪ ፊደል ሲቆጥር እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞት አያውቅም።

ሳንቲም አንባቢዎች ከዚህ ያወጡት ታሪክ ቀላል አይደለም። እንዱቢስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወርቅ አስመታ፤ በዘመኑ በዓለም ላይ በስሙ ወርቅ የሚያስመታ ንጉሥ በጣት የሚቆጠር ነበረ። በኢዛና ጊዜ ከንጉሡ ራስ በላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ተነሥቶ መስቀል ተተካ፤ ክርስትና በቤተ መንግሥት መግባቱን በእጃችን ይዘን የምናይበት ማስረጃ ነው። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ተለብጧል። እንዲህ ያለ ሥራ በሌላው ዓለም ሳንቲም ላይ አይታወቅም። አንድ ሠራተኛ ተቀምጦ መሐለቅ የማያክል መዳብ ላይ ወርቅ ሲለብጥ ማሰብ ነው እንግዲህ።

እነፕሪዶ የአክሱምን ሳንቲም ባጠኑበት ዘመን ገደማ በአገር ቤት አዲስ ገንዘብ እየመጣ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የካቲት 1885 ዓ.ም. በራሳቸው መልክና በይሁዳ አንበሳ የሚመታ ብር እንዲኖር አወጁ፤ በሊዮን ሸፍኖ አማካይነት ብሩ ፓሪስ ተመትቶ መጣ። ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት ተጽፎበታል። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጓል፤ አላዱ ግማሽ፣ ሩቡ ሩብ፣ ከዚያ ጉርሽ። ገበያው ግን ንጉሡንም መረመራቸው። በሰሜን ብዙ ሰው አዲሱን ብር በቅናሽ ካልሆነ አልወስድም አለ፤ ጉርሹንም ከአሞሌና ከጥይት ይልቅ የሚመርጠው ጥቂት ነበር። ኋላ ሰብሳቢዎችን ያወዛገበው ሌላ ነገር ነው፤ በአንዳንዱ ብር ላይ አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ነው፣ በሌላው የቀኙን። በካታሎግ ውስጥ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር አላቸው። እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ የምኒልክ ብር ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከንጉሡ በፊት ወደ አንበሳው እግር ይሄዳል።

የአክሱሙ ጥናትም ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን ቡድን አክሱምን አጠና፤ በ1913 በበርሊን የታተመው ሥራ ስለ ሳንቲሙም ይዟል። በ1926 አርቱሮ አንዛኒ፣ በ1927 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በጣሊያንኛ ጻፉ። ለጠገራው ደግሞ ፊሼል የተባለ ፈረንሳዊ በ1912 ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሙሶሊኒ በ1935 የጠገራውን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማስመታት ጀመረ፤ ኢትዮጵያን ሊወርር የሚሄድ ጦር ባላገሩ የሚቀበለውን ብር መያዝ ነበረበት። እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ቤልጅግም ወዲያው በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራሰልስ መቱ፤ ኋላ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨመሩ። ሁሉም ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። የይፋጉ ነጋዴ ነጥብ ሲቆጥር የኖረው ለዚህ ቀን ይመስላል።

ከነፃነት በኋላ የመጣው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲም ይህንኑ ጨዋታ በሌላ መልክ ደገመው። ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት አለው፤ ከፊላደልፊያ ጀምሮ በተለያየ አገር ሲመታ ዓመቱ ሳይለወጥ ንጉሡ እስከወረዱበት ዘመን ድረስ ዘለቀ። አያቶቻችን መንደር ውስጥ ሲንከባለል ያገኙት ባለ ፲፱፻፴፮ ሳንቲም በ1936 ዓ.ም. ላይሆን ይችላል የተመታው። ስሙኒው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ክብ ነበረ፣ ከመዳብ። ከብር የተሠራው ሽልንግ በመጠን ስለሚመስለው ብልጦች ስሙኒውን ብር ቀብተው በሽልንግ ዋጋ አሳለፉት። መንግሥት ስሙኒውን ሰበሰበ፤ ከዚያ ወዲህ ጠርዙ እንደ አበባ ጉርድ ጉርድ ሆኖ ወጣ። በጨለማ የዳበሰው ሁሉ ስሙኒ መሆኑን ያውቃል። በካታሎጉ ውስጥ ክቡ ስሙኒ የተለየ መስመር አለው፤ ዋጋውም የተለየ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲከፈት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የሆኑት ሪቻርድ ፓንክረስት በተቋሙ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ያወጡት ጽሑፍ ስለ ማርትሬዛ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ የኢትዮጵያን ገንዘብና ባንክ ታሪክ በሰፊው ጻፉ። ይህ ካታሎግ አይደለም፤ ቁጥርና ዋጋ የለውም። ግን ጠገራን ማን እንደ መለሰ፣ አሞሌ በየገበያው ስንት እንደ ገባ፣ ሰው ለምን ነጥብ እንደ ቆጠረ ከተጓዦች ማስታወሻ ሁሉ ለቅመው ያሰባሰቡት እሳቸው ናቸው። 

የካታሎጉን ሥራ ግን እንደ ፋብሪካ ያደረጉት አሜሪካኖች ናቸው። ዊስኮንሲን ውስጥ አዮላ በምትባል ትንሽ ከተማ ቼስተር ክራውስ በ1952 እ.ኤ.አ. የሳንቲም ጋዜጣ ጀመረ፤ በ1972 ከክሊፎርድ ሚሽለር ጋር የዓለምን ሳንቲም በአንድ ጥራዝ የሚዘረዝር መጽሐፍ አወጣ። የስልክ ማውጫ የሚያህል ነው። ኢትዮጵያም ጥቂት ገጽ አላት። እያንዳንዱ ሳንቲም የክራውስና የሚሽለር ስም መነሻ ፊደሎች ያሉበት ቁጥር ተሰጠው፤ ዛሬ ቶኪዮ ያለ ሻጭና ሮም ያለ ገዢ ስለ ምኒልክ አላድ የሚነጋገሩት በዚያ ቁጥር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የግዕዝ ቁጥር መፍቻ ሰንጠረዥ አለ፤ ፲፰፻፹፱ን የሚያነብ ፈረንጅ ሰንጠረዡን በጣቱ ይከተላል። የወረታ ዲያቆን ግን ከሰንጠረዥ ሳያይ ይነግረዋል፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምረህ አንብበውም ይለዋል።

አክሱም ላይ ኔቪል ቺቲክ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመራው ቁፋሮ ውስጥ ስቱዋርት ማንሮ ሄይ ነበረበት። ያገኘውን ሁሉ አስተካክሎ በ1984 የአክሱምን ሳንቲም መጽሐፍ አወጣ፤ የታተመው በኒው ዴልሂ ነው። ችግሩ መጽሐፉ ሲወጣ የየመን ምድር የሰጠው ገና ያልታተመ መሆኑ ነው። ከኤደን ብዙም ሳይርቅ አል ማድሃሪባ በሚባል ቦታ በ1977 ከተገኘው የወርቅ ክምችት ውስጥ 868 የአክሱም፣ 326 የሮም ሳንቲሞች ነበሩ። ማንሮ ሄይ ያንን በ1989 አሳተመ። ብዛቱ ብቻውን አስደናቂ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይታወቅ የነበረ የወርቅ ዓይነት በአንድ ጊዜ በርካታ ሆነ። ብርቅ የተባለው ርካሽ፣ ርካሽ የተባለው ብርቅ ሲሆን መጽሐፍ ይሻራል። በ1995 ማንሮ ሄይ ከቤንት ዩል የንሰን ጋር ሆኖ በለንደኑ ስፒንክ አዲስ መጽሐፍ አወጣ። ዩል የንሰን ዴንማርካዊ ሐኪም ነበረ፤ በኦክስፎርድ ተማሪዎችን ሲያክም የኖረ፣ በትርፍ ጊዜው የኢትዮጵያን ብራናና ሳንቲም የሰበሰበ።

ኒው ዴልሂ የማንሮ ሄይን መጽሐፍ ባተመችበት በዚያው በ1984 ቪየና ላይ ዋልተር ሃፍነር የ1780ን ጠገራ ብቻ የሚዘረዝር መዝገበ ቃላት አሳተመ። አንዱን ጠገራ ከሌላው የሚለየው በምን እንደሆነ ልብ በሉ፤ በዘውዱ ላይ ያሉ ነጥቦች፣ በጌጡ ዙሪያ ያሉ ነጥቦች፣ የንስሩ ጅራት ላባ ብዛት፣ የፊደሉ አቀማመጥ። በዚህ የሚላኑ ከቬኒሱ፣ የሮሙ ከቪየናው ይለያል። ሳነበው መጀመሪያ የመጣብኝ ይፋግ ነው። በሃፍነር መጽሐፍ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚታየው ነጥብ እዚያ በአውራ ጣት ጥፍር ይታይ ነበረ።

በ1991 ደግሞ ዴኒስ ጊል የሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ በኒውዮርክ ግዛት ጋርደን ሲቲ ላይ የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የጣሊያን ሶማሊያን ሳንቲም የሚዘረዝር መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሳንቲም የሚሰበስብ ሰው እስከ ዛሬ ከጊል አይርቅም። በ2016 ኦክስፎርድ የሚገኘው አሽሞሊያን ሙዚየም ያለው የአክሱም ሳንቲም በቮልፍጋንግ ሃንና በቪንሰንት ዌስት እጅ ታተመ፤ ብዙው ያ ዴንማርካዊ ሐኪም የሰበሰበው ነው። ሃን በ2020 ከሮበርት ኬክ ጋር ሌላ ትልቅ ጥራዝ በቪየና ጨመረ። የማርትሬዛ አገር የአክሱምንም ወርቅ እየመዘገበች ነው።

ወረታ ዛሬ ሌላ ከተማ ናት። የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከወልዲያው የቻይና መንገድ ጋር የሚገናኝባት፣ በጭነት መኪና ሩዝ የሚወጣባት። ጠገራ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ያለው በአሮጊቶች አንገት ላይ ነው፤ በማተብ ተሰክቶ፣ ከመስቀል ጎን ተንጠልጥሎ። ወይም ለብር ሠሪ ተሰጥቶ ራሱ መስቀል ሆኗል። ካታሎጎቹ ላይ ዋጋ የሚቀመጠው ለንጹሑ ነው፤ ሳይበሳ፣ ሳይላግ ለቆየው። የተበሳ ጠገራ ዋጋው ወርዶ ወርዶ ከብሩ ክብደት ጋር ይገናኛል። ለማተብ የሚበሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዘውዱ በላይ፣ ጠርዙ ላይ ነው፤ ሴትዮዋ ቀና ብላ እንድትሰቀል። ነጥቦቹ አይነኩም።